ቀለም የተቀባ ዝገት

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሥራዬ ዝገት መፋቅ ነው። ባለቤቴ በያጅ ነው፤ በር፣ መስኮት፣ የደረጃ መደገፊያ፣ አንዳንዴም የሱቅ መደርደሪያ ይሠራል። እሱ በይዶ ሲጨርስ እኔ ብረቱን በሽቦ ብሩሽ እፍቃለሁ፣ አቧራውን በጨርቅ እጠርጋለሁ፣ ዝገት የሚከለክለውን አንቲረስት እቀባለሁ፣ ከዚያ ደንበኛው የመረጠውን ቀለም አለብሰዋለሁ። ቡናማ ነጠብጣብ የሌለበት ልብስ የለኝም፤ የተረፈው የሠርግ ቀሚሴ ብቻ ነው፣ እሱም ስለማይበቃኝ ነው የተረፈው። ዝገትን እንደ እኔ የሚጠላ ሰው ያለ አይመስለኝም። እንግዲህ አንዲት የካንሰር ሐኪም ፊት ለፊቷ አስቀምጣኝ «በባለቤትዎ ጭን ውስጥ የዝገት ዘመድ የሆነ ነገር እንወጋለን» ስትለኝ ምን እንደተሰማኝ ገምቱ።

ይህን የምጽፈው ምስጋና ስላለብኝ ነው። በደፈናው ማመስገን ደግሞ አልወድም፤ ማን ምን እንዳደረገ ሲነገር ነው ምስጋና የሚሆነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሰውዬውን ላስተዋውቃችሁ።

ሰፈርተኛው «ጋሽ ጭጭ» ነው የሚለው። በላቡ ያገኘው ስም ነው። ጠዋት ሲወጣ «ሄድኩ» ይላል፣ ሲመለስ «መጣሁ» ይላል፤ በመሀል ያለውን የምሞላው እኔ ነኝ። ሲያገባኝ እንኳ የጠየቀኝ በአፉ አይደለም። የእናቴን ቤት በር ሊገጥም መጥቶ፣ ከገጠመው በኋላ «ማጠፊያውን ላስተካክል» እያለ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። ማጠፊያው ምንም አልሆነም ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ እናቴ ወደ ጓዳ ጠራችኝና «ይሄ ሰውዬ የሚያስተካክለው በሩን ነው ወይስ አንቺን?» አለችኝ። ወጥቼ ስጠይቀው እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ፤ መልስ ግን የለም። መቅላቱን እንደ መልስ ቆጠርኩለት። ይኸው ሁለት ልጆች ወልደን ድረናል።

ዝምታው ከተፈጥሮው ብቻ የመጣ አይደለም፤ ሙያው ጨምሮበታል። የበር ቋሚና አግዳሚ ሲገጣጠም አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ይበይዳል። ያዡ ማዕዘኑን ጠብቆ ፈቀቅ ሳይል መቆም አለበት። የእሳት ፍንጣሪ ጫማው ውስጥ ቢገባ፣ ጓንቱን በስቶ ቢያቃጥለው እንኳ ድምፅ አያሰማም። ድምፅ ካሰማ በያጁ ይደነግጣል፣ እጁ ይስታል፣ ማዕዘኑ ይዛባል፣ ያ በር ዕድሜ ልኩን መሬት እየጎተተ ይኖራል። ስለዚህ በእኛ ብየዳ ቤት ሕጉ «ያዥ አይናገርም» ነው። በያጁ ጭንብሉን አንሥቶ «ልቀቅ» እስኪል ድረስ ጥርስን ነክሶ መቻል ነው። ባለቤቴ በያጅ ከመሆኑ በፊት ስድስት ዓመት ያዥ ነበር። አሁን የሚይዝለት ታናሽ ወንድሙ፣ ዋርሳዬ ነው። ዋርሳዬ ሲቃጠል ችሎ ይቆይና «ልቀቅ» ሲባል ውጭ ወጥቶ የሚያውቀውን ስድብ ሁሉ ለብረቱ ያወርድለታል። የእኔ ሰው ግን ልቀቅ ከተባለም በኋላ አይናገርም። የእግሩን ጠባሳ ያየሁት ከተጋባን በኋላ ነው፤ ሻማ የተንጠባጠበበት ጠረጴዛ ይመስላል።

ጭኑ ላይ የበቀለውን እጢ ስምንት ወር ደበቀኝ። ያወቅኩት በሱሪው ነው። የሥራ ሱሪውን ሳጥብ አንዳች ነገር እጄን ወጋኝ። ገልብጬ ሳየው የቀኙ እግር ከላይ ተተርትሮ ትርፍ ጨርቅ ገብቶበታል፤ የተሰፋው ደግሞ በቀጭን ሽቦ ነው። ሽቦው በፒንሳ ተጠምዝዞ ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፏል። የማን እጅ ሥራ እንደሆነ ለማወቅ ምስክር አላስፈለገኝም።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ጠበበኝ።»

«አንዱ እግር ብቻ?»

ጭጭ። የለበሰውን እንዲያወልቅ አደረግኩት። ቀኝ ጭኑ ላይ፣ ወደ ብሽሽቱ ጠጋ ብሎ፣ ትልቅ ብርቱካን የሚያህል ጠንካራ እብጠት ነበረ። ሲነኩት አይንቀሳቀስም። ያምህ እንደሆነ ንገረኝ ብለው «ደህና ነው» አለኝ። ያን ቀን ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም፤ ጎረቤት ሰምቶታል፣ ይበቃል።

የሄድንበት የመጀመሪያው ሆስፒታል ናሙና ወስዶ ካንሰር ነው አለን፤ ከጡንቻና ከስብ መሀል የሚነሣ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ዓይነት። ዋናውን የደም ሥር ስለተጠጋ እጢውን ብቻ ነጥሎ ማውጣት አይቻልም፣ እግሩ ከዳሌው ይቆረጥ ተባለ። ባለቤቴ «እሺ» አለ። የሱቅ መስኮት ልክ እንደተነገረው ሰው ነው «እሺ» ያለው። እኔ ግን እሺ አላልኩም። በያጅ የሚሠራው ተንበርክኮ፣ ቁጢጥ ብሎ፣ መሰላል ላይ ወጥቶ ነው። እግሩ ከሄደ ሰውዬው ራሱ አንድ ጥግ ይዞ ዝም እንዳለ እንደሚያልቅብኝ ታውቆኛል። ወረቀቱን ይዤ በየቢሮው ስንከራተት አንዲት የራጅ ክፍል ሠራተኛ አየችኝና በሌላ ሆስፒታል አዲስ ጥናት እንዳለ ነገረችኝ፤ ስልኩንም በወረቀቱ ጀርባ ጻፈችልኝ። በድንጋጤ አመሰግናለሁ እንኳ ሳልላት ወጣሁ። አሁን ልበላት፤ እግዜር ይስጥልኝ።

ጥናቱን የምትመራው ዶክተር አጭር፣ ፈጣን፣ ስታስረዳ በእስክሪብቶዋ ጠረጴዛውን የምታንኳኳ ሴት ናት።

«እጢው ውስጥ በጣም ደቃቅ የብረት ቅንጣቶች እንወጋለን» አለችን። «ብዙ ሺህ ቢደረደሩ የአንድ ፀጉር ውፍረት ቢያክሉ ነው። ከዚያ እግርዎን ማግኔት ውስጥ እናስገባለን። ማግኔቱ በሴኮንድ መቶ ሺህ ጊዜ አቅጣጫውን ይገለባብጣል፤ ቅንጣቶቹ በዚህ ይሞቃሉ። እጢው አርባ ሦስት ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ወዲያው ደግሞ ጨረር እንሰጥዎታለን።»

«ለምን ሁለቱም?» አልኩ እኔ።

«ጨረሩ የካንሰሩን ሴል ይጎዳዋል። ሴሉ ግን ራሱን ለመጠገን ይሞክራል፤ ሙቀቱ ጥገናውን ያሰናክልበታል። ስለዚህ አንድ ላይ ሲሆኑ ይበረታሉ።»

ብረቱ ምን ዓይነት ብረት ነው ብዬ ስጠይቃት ነው የዝገቱን ነገር ያመጣችው። ኦክስጅን የያዘ ብረት ነው፣ የዝገት ዘመድ ነው፣ አለችኝ ሳትደብቅ።

«ዶክተር፣ እኔ እኮ ዝገት ስፍቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ባሌ ውስጥ ሊከቱት ነው?»

«ይሄኛው የተለበጠ ነው። እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ፣ ሰውነትም እንዳይጣላው ቀጭን ሽፋን አለው።»

«ቀለም የተቀባ ዝገት ነው በሉኛ።»

እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሳቀች። ይሄኔ ባለቤቴ «የዛገ ዳዶ» አለ። ሁለታችንም ወደ እሱ ዞርን።

«የዛገ ዳዶ አልፈታ ሲል በእሳት ይሞቃል። ሳይበርድ ቁልፍ ይገባበታል። ያኔ ይለቃል» አለ።

«ከእኔ የተሻለ ነው የገለጹት» አለችው ዶክተሯ። በዚያ ሳምንት ከአፉ የወጣው ረጅሙ ንግግር እሱ ነበር።

እሷ ግን አልሸነገለችንም። ገና ጥናት ነው፣ ለሁሉም አልሠራም፣ ለእርስዎ ይሠራል ብዬ አልምልም አለች። እጢው ከደም ሥሩ ሸሽቶ ከተሰበሰበ ቀዶ ሐኪሙ እሱን ብቻ ያወጣዋል፣ እግሩም ይተርፋል። ካልሸሸ መጀመሪያ የተባለው ይሆናል። እንዲህ ቁርጡን የሚናገር ሰው ስወድ። ፈረምን።

ከዚያ ብረት ፍለጋ ተጀመረ። ማግኔቱ ውስጥ የሚገባ ሰው በሰውነቱ ሌላ ብረት ሊኖርበት አይገባም። «በሰውነትዎ ውስጥ ብረት ይኖር ይሆን?» ተብሎ ሲጠየቅ ባለቤቴ እጆቹን ገልብጦ አያቸው። ራጅ ተነሣ፤ ከግራ ክንዱ ቆዳ ሥር ከብረት መፍጫ ማሽን የተፈናጠሩ ሁለት የብረት ስባሪዎች ወጡ። መቼ እንደገቡ አያውቅም። ነርሷ በትንሽ ዕቃ አድርጋ ስታሳየው፣ የራሱ ዕቃ የተገኘለት ይመስል በአክብሮት ተቀበላት።

ቅንጣቶቹ የተወጉለት ዕለት ፈሳሹን በመርፌው ውስጥ አየሁት። ወደ ጥቁር የሚያደላ ቡናማ ነው። ከእኔ ቆርቆሮ የተቀዳ አንቲረስት ነው ብባል አምን ነበር። ዶክተሯ በስክሪን እያየች እጢው ውስጥ እዚህም እዚያም አከፋፈለችው፤ ከዚያ ሙቀቱን ከውስጥ የሚለካ፣ ክር የሚያህል ቴርሞሜትር የሚገባበት ቀጭን ቱቦ ተከለችለት። ባለቤቴ ጣሪያውን እያየ ተኛ። ቅንድቡ እንኳ አልተነቃነቀም። ነርሷ «ምን ዓይነት ጠንካራ ሰው ነው!» ስትል እኔ ሞኟ ኮራሁ።

የማሞቂያው ክፍል ከምድር ቤት ነው። ባለቤቴ በአልጋ ላይ ይተኛል፣ ቀኝ እግሩ በትልቅ ነጭ ቀለበት ውስጥ ያልፋል፣ ጭኑ ዙሪያ ቀዝቃዛ ውሃ የሚዞርበት ትራስ ይደረጋል። ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ቴክኒሻን ክፍሉን ከሚለየው መስታወት ወዲህ ትቀመጣለች፤ ወፍራም መነጽር ያላት፣ የልጄ እኩያ የምትሆን ወጣት ናት። ፀጉሯን የምታስረው በክር ነው፤ ሥራዋ ጋ የፀጉር መርፌ አይገባም። እኔን ከጎኗ አስቀመጠችኝ። በየአምስት ደቂቃው በማይክሮፎኑ «አባባ፣ ከዜሮ እስከ አሥር ሙቀቱ ስንት ነው?» ትለዋለች። እሱ «ዜሮ» ይላል። የመጀመሪያው ቀን እንዲህ አለፈ፤ ከዚያ ወደ ጨረር ክፍል ተገፋ፣ ጨረሩን ወሰደ፣ ወደ ቤት ሄድን። መንገድ ላይ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ። ሞቅ ያለ ሻይ እንኳ የሚያቃጥለኝ እኔ፣ እንዴት ያለ ባል ሰጠኸኝ አልኩት።

ሁለተኛው ቀን ግን ሌላ ሆነ። እሱ «ዜሮ፣ ዜሮ» ሲል ቆይቶ ሰዓቱ አለቀ። ቴክኒሻኗ ትራሱን ልታነሣለት ገብታ ወዲያው በሩን ከፈተችና «ዶክተርን ጥሩልኝ» አለች። ሮጬ ገባሁ። ከብሽሽቱ እጥፋት ሥር ቆዳው ቀልቶ፣ ባቄላ የሚያህል ውሃ ቋጥሯል። ትራሱ ትንሽ ተንሸራትቶ ኖሯል።

ዶክተሯ አየችው። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«መቼ ጀመረዎት?»

«ቆየት ብሏል» አለ።

«ስንት ነበር? ከአሥር።»

«ስምንት።»

«ያዳምጡኝ» አለችው። «የእጢውን ሙቀት የምለካው በዚያ ክር ነው። ቆዳዎን የምለካው በእርስዎ አፍ ነው። አፍዎ ከተዘጋ እኔ ዕውር ነኝ። ይሄ እስኪድን ማሞቁን አቆማለሁ። አንድ ጊዜ ከደገሙት ከጥናቱ አስወጣዎታለሁ፤ ያኔ ምን እንደሚቀር ያውቃሉ።»

በኮሪደሩ ተሽከርካሪ ወንበሩን በንዴት ገፋሁት። ሊፍቱ ጋ ስንደርስ ራሱ ተናገረ።

«ከተናገርኩ ማሽኑን ያቆማሉ፣ ሥራው ይበላሻል ብዬ ነው» አለ። «ጨርሰው ልቀቅ እስኪሉኝ ስጠብቅ ነበር።»

ነገሩ ያኔ ገባኝ። ሰውዬው ማግኔት ውስጥ ተኝቶ በር ይዞ ኖሯል። ያዥ አይናገርም።

ቆዳው እስኪድን ዐሥር ቀን ፈጀ። ጨረሩ ብቻ ቀጠለ። እኔ በዚያ ዐሥር ቀን እሱን መናገር ላስተምር ተነሣሁ። ከሰዓት በኋላ መታጠቢያ ሳህን ውስጥ ሙቅ ውሃ እጨምራለሁ፣ እጁን ያስገባል፣ እኔ ቀስ በቀስ የፈላ እደባልቃለሁ፣ «ስንት?» እለዋለሁ። «ዜሮ።» እጨምራለሁ። «ስንት?» «ዜሮ።» እጁ የበሰለ ድንች መስሎ እሱ ዜሮ ላይ ነው። ዋርሳዬ ሊጠይቀው መጥቶ ይህን ሲያይ «እትዬ፣ እሱን ተይውና ውሃውን ጠይቂው» ብሎ ሳቀ። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። ለመናገር እየሞከረ መሆኑ ይታየኛል፤ ከንፈሩ ይከፈታል፣ ከዚያ ይዘጋል። ሠላሳ ምናምን ዓመት የተዘጋ ነገር በሦስት ቀን አይከፈትም።

በአራተኛው ቀን ትዕግሥቴ አለቀ። «ዜሮ» ሲለኝ እጁን ከሳህኑ አወጣሁና የራሴን ከተትኩ። በሌላው እጄ ከማንቆርቆሪያው እጨምር ጀመር።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለኝ።

ዝም አልኩ። ጨመርኩ። ውሃው እስከ አጥንቴ ተሰማኝ። ፊቴን እንደ እሱ ፊት አደረግኩት፤ ስንት ዓመት ያየሁትን ፊት መቼም አላጣውም።

«ይበቃል። አውጪ።»

ዝም። ጨመርኩ።

«አንቺ ሴትዮ፣ አቃጠለሽ እኮ! ለምን አትናገሪም?»

ድምፁ ተሰብሯል። ክንዴን ይዞ እጄን ከውሃው መንጭቆ ሲያወጣ ሳህኑ ተገለበጠ፣ የሁለታችንም እግር ረጠበ። እጄን በሁለት እጁ ይዞ እፍ እፍ ይልበት ጀመር። ያን ያህል ፈርቶ አይቼው አላውቅም፤ እግሩ ይቆረጣል ሲባል እንኳ።

«እኔን ስምንት ወር እንዲህ ነው ያደረግከኝ» አልኩት። «ከጎንህ ተኝቼ ሳላውቅ። በመስታወቱ በኩል ቁጭ ብዬ ሳላውቅ። አሁን ያየኸውን ነው የምታሳየኝ።»

እጄን አልለቀቀም። «ስንት ነበር?» አለኝ።

«ስድስት» አልኩት። እንደ እውነቱ አራት ነበረ፤ ይህን እስካሁን አልነገርኩትም።

ማሞቁ እንደገና ሲጀመር ቴክኒሻኗ ትራሱን ሁለት ጊዜ አስተካክላ፣ ተመልሳ ቁጭ አለች። እኔ ወንበሬን ወደ መስታወቱ አስጠጋሁ። አምስተኛው ደቂቃ ላይ «ዜሮ»። ዐሥረኛው ላይ «ዜሮ»። ጥርሴን ነከስኩ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው፣ በዚያ እምብዛም በማይጠቀምበት ድምፁ፣ «እህቴ» አለ።

«አቤት አባባ!»

«ሞቀኝ። ከሥር በኩል። አራት።»

ልጅቷ ማሽኑን ለአፍታ ገታ አድርጋ ገባች፤ ትራሱን ሁለት ጣት ያህል ወደ ላይ ሳበችው፣ ወጣች፣ ቀጠለች። በቃ፣ ይኸው ነው። በስክሪኑ ላይ የእጢው ሙቀት ዝቅ አለና ወዲያው ወደ አርባ ሦስት ተመለሰ። ባለቤቴ አንገቱን አዙሮ በመስታወቱ ሲያየኝ ፊቱ ላይ የነበረውን መገረም ልነግራችሁ አልችልም። ተናግሯል፣ የተበላሸ ነገር የለም።

ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁመው። «እህቴ፣ አንድ ተኩል ሆነ።» «እህቴ፣ ሁለት ነው፣ ግን ደስ የሚል ሁለት ነው።» «እህቴ፣ ይሄ ትራስ ውሃው በግራ በኩል ደከም ይላል፣ ፓምፑን አሳዩት።» ፓምፑ ታየ፤ እውነትም ደክሞ ነበር። ልጅቷ ወደ እኔ ዞራ «እማማ፣ ጋሽ ጭጭ ይባላሉ ያሉኝ እሳቸውን ነው?» አለችኝ። ያቺ ልጅ በቀሩት አራት ቀናት አንድም ጊዜ አላማረረችም። በየአራት ደቂቃው ተነሥታ ገብታለች፣ ትራሱን በየጣቱ አስተካክላለች፣ አንድ ቀንማ ምሳዋን ትታ ነው። ልጆቼን በወለድኩበት አንጀት ነው የምመርቃት። ያን ዝገት ፈጭተው፣ ሽፋን አልብሰው፣ ስንት ዓመት ሲሞክሩና ሲሳሳቱ ኖረው እዚህ ያደረሱትንም ሰዎች እመርቃለሁ፤ አላውቃቸውም፣ እነሱም እኔን አያውቁኝም። ዶክተሯንማ ስለ ቁጣዋ ጭምር ነው የማመሰግናት። አባብላው ቢሆን ኖሮ «እሺ» ብሎ ዝም ይላት ነበር።

ማሞቁ አለቀ፣ ጨረሩ አለቀ፣ ጥቂት ሳምንታት ከጠበቅን በኋላ ምስል ተነሣ። እጢው ተሰብስቧል። ከደም ሥሩ ግን የሸሸው በጥቂት ሚሊሜትር ነው። ቀዶ ሐኪሙ ረጋ ያለ ሽማግሌ ነው፤ ምስሉን ወደ ብርሃን አድርጎ ብዙ አየውና እንዲህ አለን፤

«እግርዎን ላተርፍ ነው የምገባው። ከፍቼ ሳየው ተጣብቆ ካገኘሁት ግን እዚያው መወሰን አለብኝ። ቀስቅሼ ልጠይቅዎት አልችልም። ሁለቱንም ፈርመውልኝ ይግቡ።»

ባለቤቴ እስክሪብቶውን ይዞ «ፈራሁ» አለ። እንዲሁ፣ በግልጽ። ሐኪሙም እጁን ትከሻው ላይ አድርጎ «እኔም ሁልጊዜ ትንሽ እፈራለሁ» አለው። ከዚያ ፈረመ።

ቀዶ ሕክምናው ሊደረግ ሁለት ቀን ሲቀረው የተኛበት ክፍል ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። በአደጋ ግራ እግሩን ካጣ ዓመታት አልፈውታል፤ አሁን የተኛው ለሌላ ነገር ነው። ተጫዋች ሰው ነው። «የሌለው እግሬ እኮ እስከ ዛሬ ያመኛል» ይለዋል ለባለቤቴ። «ጣቶቼን ያሳክከኛል፣ እጄን ስሰድ ፍራሽ ነው የማገኘው።» ቀልዱን ነበር። ባለቤቴ ግን ሳቁን አቆመ፤ ነገሩ ሆዱ ውስጥ ገብቶ እንደተቀመጠ አየሁት።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ገባ። እኔና ዋርሳዬ ከበሩ ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ዋርሳዬ መሳደብ ስለማይችል እግሩን ያወዛውዛል። እኔ የኮሪደሩን በሮች ቀለም ሳይ ዋልኩ፤ በጥድፊያ የተቀቡ ናቸው፣ ጠርዛቸው ላይ ወርዷል። ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ሐኪሙ ቆቡን በእጁ ይዞ ወጣና አጠገቤ ተቀመጠ። የነገረኝን ሰማሁ። ዋርሳዬ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እኔ የሐኪሙን እጅ ይዤ፣ ምን እንዳልኩት አላውቅም።

ባለቤቴ «ስነቃ ብቻዬን እንዳልሆን» ብሎኝ ስለነበር ከአልጋው ራስጌ ጠበቅኩት። ብርድ ልብሱ ቁስሉን እንዳይነካ ከወገቡ በታች እንደ ድንኳን ቀጥ ተደርጎ ተወጥሯል፤ ከተኛበት ሆኖ ከድንኳኑ ወዲያ ማየት አይችልም። ዓይኑን ገለጠ። ጣሪያውን አየ፣ እኔን አየ።

«እግሬን ያመኛል» አለ። ምላሱ ከብዷል። «ቀኙን።»

ልመልስለት አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣም። ሠላሳ ዓመት ያላቋረጠ ምላሴ ያን ሰዓት ከዳኝ። እንባዬ ብቻ ይወርዳል። እሱ ደግሞ እንባዬን አየና ፊቱ አመድ ሆነ።

«የሹፌሩም ያመዋል» አለ። «ገባኝ። ግዴለም፣ አታልቅሺ።»

ራሴን በእንቢታ ነቀነቅኩ፤ አላመነኝም፣ ዓይኑን ጨፈነ። ስለዚህ ተነሥቼ ወደ ግርጌው ዞርኩ። ብርድ ልብሱን ከታች ገለጥ አድርጌ የቀኝ እግሩን አውራ ጣት ያዝኩ። ሞቅ ያለ ነው። ስለ ሽቦው ሱሪ፣ ስለ ስምንቱ ወር፣ ስለ ዜሮዎቹ ሁሉ፣ ባለኝ ኃይል ቆነጠጥኩት።

«አመመኝ!» አለ፤ ዓይኑ ተበለጠጠ።

«የቱ ጋ?» አልኩ፤ ድምፄ ተመልሶልኛል።

«ጣቴን። አውራ ጣቴን። አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ እንባው በጎንና በጎን ወደ ጆሮው እየፈሰሰ ነው።

«እስቲ ድገሚው» አለኝ።

ደገምኩት።